ቤል ማልቴዝ ቱሎን ብትደርስ ኖሮ፦ ጄኔራል ዱማ ያልታሰረበት ታሪክ

ብራና

«ናፖሊዮን ሩሲያን ባይወር ኖሮ» የሚለውን ጥያቄ እዚህ እስኪሰለቸን ድረስ አላምጠነዋል። ዛሬ ውኃ ወደምታስገባ አንዲት መርከብ ልውሰዳችሁ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማርች 7 ቀን 1799 ቤል ማልቴዝ የተባለች መርከብ ከእስክንድርያ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል በግብፅ የዘመተው የፈረንሳይ ጦር የፈረሰኛ አዛዥ የነበረው ጄኔራል ቶማ-አሌክሳንድር ዱማ፣ ጄኔራል ማንስኩርና የማዕድን ሊቁ ዶሎምዩ ነበሩ። ማዕበሉ ሲበረታ ሸክም ለማቅለል መድፎቹ፣ ዱማ የገዛው የሞካ ቡና፣ ከዐረብ ፈረሶቹም አብዛኞቹ ባሕር ውስጥ ተጣሉ። (ቡናው ላይ ስደርስ አንጀቴ ይላወሳል።) መርከቧ ተሰባብራ ከመስጠሟ በፊት የተጠጋችው በደቡብ ጣልያን፣ የኔፕልስ ግዛት ወደሆነችው ታራንቶ ነው። ዱማ ኔፕልስ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሪፐብሊክ መሆኗን ሰምቶ ስለነበር ወዳጅ አገር የገባ መስሎታል። ታራንቶ ግን ሪፐብሊኩን ከሚዋጋው ከካርዲናል ሩፎ የቅዱስ እምነት ጦር ጋር ወግና ነበር፤ አካባቢውን ያነሣሡት ደግሞ «አልጋ ወራሹ መጥቷል» በሚል ወሬ ሕዝቡን ያስከተሉ የኮርሲካ ጀብደኞች ናቸው። ጄኔራሉ መጀመሪያ በታራንቶ፣ በኋላ በብሪንዲዚ ሁለት ዓመት ታሰረ። በ1801 የጸደይ ወራት ሲለቀቅ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ጆሮው ደክሞ፣ ሆዱ ተበላሽቶ ነበር። መርዝ እንዳበሉት እስኪሞት ድረስ አልተጠራጠረም። የሞተውም በ1806፣ በ43 ዓመቱ፣ በሆድ ካንሰር ነው።

ሰውየውን ለማታውቁት፦ በ1762 ዛሬ ሃይቲ በምትባለው በሴን-ዶሚንግ፣ ጄረሚ ላይ ተወለደ። አባቱ ከኖርማንዲ የመጣ መኳንንት፣ እናቱ ማሪ-ሴሴት ዱማ በባርነት የምትኖር አፍሪካዊት ነበረች። አባትየው ወደ ፈረንሳይ የሚመለስበት ገንዘብ ቢያጣ የገዛ ልጁን መልሶ ሊገዛው በሚችልበት ውል ሸጠው፤ ርስቱን ሲወርስ በ1776 አስመጣው። ወንድምና እህቶቹ ግን እንደተሸጡ ቀሩ። ልጁ እንደ ባላባት ልጅ ሰይፍ እየተማረ አደገ። በ1786 በተራ ወታደርነት ሲቀጠር አባቱ የቤተሰቡ ስም በተራ ወታደር መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ስለከለከለ በእናቱ ስም ተመዘገበ። አብዮቱ መጣ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ፣ በ31 ዓመቱ፣ የክፍለ ጦር ጄኔራል ሆነ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። መርከቧ ውኃ ባታስገባና ዱማ በኤፕሪል 1799 ሙሉ ጤናውን ይዞ በፈረንሳይ ወደብ በቱሎን ቢወርድስ? ናፖሊዮን ፍሬዡስ የሚደርሰው ኦክቶበር 9 ነው። በመካከሉ ስድስት ወር አለ። የግብፅን ዘመቻ ጉድ በዓይኑ ያየ፣ ናፖሊዮንን ፊት ለፊት የተጋፈጠ ጄኔራል ፓሪስ ውስጥ ሲመሰክር ይከርማል ማለት ነው። ደማንሁር ላይ ያደረገውን አስታውሱ፤ ወታደሩ በውኃ ጥም እየወደቀ ሳለ ጄኔራሎቹን ድንኳኑ ውስጥ ሐብሐብ ጋበዘ። ላንና ሙራም ነበሩ። ሐብሐቡ እየተቆረሰ «እዚህ በረሃ ለማን ጥቅም መጣን?» የሚል ወሬ ተነሣ። ነገሩ ናፖሊዮን ጆሮ ሲደርስ ተጠርቶ በጥይት እንደሚያስደበድበው ተነገረው። ዱማ ቃሉን አላጠፈም፤ ለፈረንሳይ ክብር የትም እሄዳለሁ፣ ለአንድ ሰው ምኞት ግን አንድ እርምጃ አልራመድም አለ። ይህ ሰው ፓሪስ ቢኖር ብሩሜር 18፣ ናፖሊዮን ሥልጣን የያዘበት መፈንቅለ መንግሥት፣ በምናውቀው መልኩ ይሳካ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ሻምበል በጡረታ

ብራና፣ መርከቧን ተዋት። የተሻለው መታጠፊያ ከዚያ በፊት አራት ዓመት ላይ ነው። በኦክቶበር 1795 ፓሪስ ውስጥ ንጉሣውያኑ በአብዮቱ ምክር ቤት፣ በኮንቬንሲዮኑ ላይ ሲነሡ መንግሥት ዱማን አስጠርቶ ነበር። ሰውየው በሚስቱ አገር በቪለር-ኮተሬ እረፍት ላይ ነበረ። ደብዳቤው ሲደርሰው ገሰገሰ፤ ነገር ግን አንድ ቀን ዘገየ። ፓሪስ ሲገባ ቦናፓርት ሰልፈኛውን በሴን-ሮክ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በመድፍ በትኖ ጨርሷል። ቦናፓርት የአገር ውስጥ ጦር አዛዥ የሆነው፣ ጆዜፊንን ያገባው፣ በማግስቱም ዓመት የጣልያንን ጦር የተረከበው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ዱማ አንድ ቀን ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ቦናፓርት ምናልባት ካርታ ቤት ውስጥ ያረጅ ነበር። መርከብ ከማዳን አንድ ሠረገላ ማፍጠን ይቀላል።

የሊዮኑ

ሻምበል፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። የዘገየበትን ታሪክ የነገረን ልጁ ነው፤ ልብ ወለድ ጸሐፊው አሌክሳንድር ዱማ። አባቱ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ እንኳን አልሞላም ነበር፤ የሚተርከውም ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ፣ አባቱን እንደ ጣዖት እያየ ነው። ጥሪው መኖሩን ልቀበል። ግን ኮንቬንሲዮኑ ያን ሌሊት በእጁ ያገኘውን መኮንን ሁሉ ይጠራ ነበር። ዋናው አዛዥ ባራስ ነው፤ ባራስ ደግሞ ቦናፓርትን ከቱሎን ከበባ ጀምሮ ያውቀዋል።

ከሁሉም በላይ የሰውየው ጠባይ አያስኬድም። ቦናፓርት ያሸነፈው ሙራን በሌሊት ወደ ሳብሎን ልኮ መድፎቹን አስመጥቶ፣ በማግስቱ በጠባብ መንገድ ላይ በፈረንሳውያን ላይ ስለተኮሰ ነው። ዱማ በ1793 ባዮን ላይ የምዕራብ ፒሬኔ ጦር አዛዥ ሆኖ ሲመጣ ማደሪያው ጊዮቲኑ ከተተከለበት አደባባይ ፊት ለፊት ነበር። ሌላው ባለሥልጣን ግድያውን ለማየት መስኮቱ ላይ ሲሰለፍ እሱ መስኮቱን ዘግቶ መጋረጃውን ጋረደ። ሕዝቡ ከታች ሆኖ «አቶ ሰብአዊነት፣ ወደ መስኮት ውጣ!» እያለ ይጮህበት ነበር። በአልፕስም ጊዮቲኑን አስፈርሶ ለማገዶ አስፈልጦታል ይባላል። ይህን ሰው ሴን-ሮክ ደጃፍ ላይ መድፍ አስይዛችሁ «ተኩስ» በሉት እስቲ።

ሻምበል በጡረታ

የሊዮኑ፣ ወታደር ቢፈልግም ባይፈልግም ይተኩሳል። በ1794 በሪፐብሊኩ ላይ ወዳመፀው የምዕራብ ፈረንሳይ ክፍል፣ ወደ ቫንዴ ሂድ አሉት፤ ሄደ። እዚያ ያለው ጠላት ፈረንሳዊ ገበሬ አልነበረም እንዴ? ባዮንም ቢሆን መስኮቱን ዘጋ እንጂ ጦሩን ጥሎ አልሄደም።

ብራና

ቫንዴ የእኔን ክርክር ነው የሚያጠናክረው። ሄደ፤ በሁለት ወር ውስጥ ግን ጦሩ ዘራፊና ገዳይ ሆኗል የሚል ሪፖርት ጽፎ ተነሣ። ዱማ በዕድሜው ሁሉ አንድ ልማድ ነበረው፦ ትእዛዙን ይቀበላል፣ በቦታው ላይ ያየውን ያያል፣ ከዚያ የበላዩን የሚያስቆጣ ደብዳቤ ይጽፋል። በጃንዋሪ 1797 ማንቱዋ አጠገብ ላ ፋቮሪታ ላይ ሁለት ፈረስ ሥሩ ተገድሎበት ሲዋጋ ዋለ። የናፖሊዮን ኤታማዦር ሹም የቤርትዬ ሪፖርት ግን «በቅኝት ላይ ነበር» ብላ አለፈችው። ለናፖሊዮን የጻፈው መልስ፣ ሪፖርቱን የጻፈው ደደብ በዚያ «ቅኝት» ላይ ቢሆን ኖሮ ሱሪው ላይ ያመልጠው ነበር የሚል ነው። ለዋና አዛዡ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ለሥልጣን አይመችም፤ ለምስክርነት ግን ይመቻል። እኔ ንጉሥ ላደርገው አልፈልግም፤ በ1799 ፓሪስ ውስጥ የሚናገር አንደበት እንዲኖር ብቻ ነው የፈለግሁት።

ጥርጣሬ

ምስክርነት መንግሥት አይገለብጥም፤ አያድንምም። ብሩሜር ላይ ፓሪስ ውስጥ ከዱማ የላቁ ተቃዋሚ ጄኔራሎች ነበሩ። ቤርናዶት በዚያው ዓመት የጦር ሚኒስትር የነበረ ነው፤ ጁርዳንና ኦዠሮ በአምስት መቶው ምክር ቤት መቀመጫ ነበራቸው። ምን አደረጉ? ቤርናዶት ዳር ቆሞ ተመለከተ። ኦዠሮ አጉረመረመና አሸናፊው ሲታወቅ ተጠጋ። ሴን-ክሉ ላይ የተሰበሰበውን ይህንኑ ምክር ቤት ያጸዱት የሙራ ወታደሮች ናቸው። ዱማ እዚያ ቢኖር ሦስት የነበሩት ዝምተኞች አራት ይሆናሉ እንጂ ሌላ ለውጥ አይታየኝም። በዚህ ዓይነት ውኃ ስንወቅጥ ልንውል ነው።

የሊዮኑ

ጥርጣሬ፣ አንድ ሰው ረስተሃል። አገሪቱን ከሚመሩት አምስት ዳይሬክተሮች አንዱ የነበረው ሲዬስ በ1799 የበጋ ወራት ለመፈንቅለ መንግሥት «ሰይፍ» ሲፈልግ ዓይኑን የጣለው ናፖሊዮን ላይ አልነበረም፤ ናፖሊዮን ግብፅ ተቆልፎበታል። የፈለገው ጄኔራል ዡቤርን ነው። ዡቤር ገና ሠላሳ ዓመቱ፣ ሪፐብሊካዊ፣ የሚታዘዝ። እንዲገን ብለው የጣልያንን ጦር ሰጡት፤ ድል አድርጎ ሲመለስ መፈንቅለ መንግሥቱ ይደረጋል። ኦገስት 15 ቀን 1799 ኖቪ ላይ ጦርነቱ በተጀመረ ጥቂት ጊዜ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ሲዬስ ያለ ሰይፍ ቀረ፤ በኦክቶበር ናፖሊዮን ሲመጣ የቀረው ክፍት ቦታ ያ ነበር።

አሁን ዱማን አምጡት። ዡቤርና ዱማ በ1797 ቲሮል ውስጥ አብረው የዘመቱ ናቸው። ዱማ ክላውዘን ድልድይ ላይ የኦስትሪያን ፈረሰኛ ብቻውን ገትቶ ያቆመው በዚያ ዘመቻ ነው፤ ካፖርቱ ሰባት ቦታ በጥይት ተበሳ፣ እሱ ግን በሰይፍ ጭረት ብቻ ተረፈ። ኦስትሪያውያኑ «ጥቁሩ ሰይጣን» ያሉት፣ ናፖሊዮንም ብቻውን ድልድይ የጠበቀውን የጥንቱን ሮማዊ ሆራቲየስን አስታውሶ ያመሰገነው ለዚህ ነው። ዡቤርም ለዱማ የሚገባውን ምስጋና ከመጻፍ አልቦዘነም። ቤል ማልቴዝ ቱሎን ደርሳ ከሆነ፣ ዡቤር በኦገስት የጣልያንን ጦር ሲረከብ የፈረሰኛ አዛዥነቱን ለማን የሚሰጥ ይመስላችኋል? የብራና መርከብ የምታመራው ፓሪስ ሳይሆን ኖቪ ነው። ዡቤር ከኖቪ በሕይወት ከወጣ ደግሞ ናፖሊዮን ፍሬዡስ ሲደርስ ጦሩን በረሃ ጥሎ የኮበለለ አዛዥ ነው፤ ፍርድ ቤት ሊጠብቀው ይችላል።

ወለላ

ይህ ክር አሁን ነው የተጀመረው።

ሻምበል በጡረታ

የሊዮኑ ኖቪን ካነሣ ጦርነቱን እንየው፤ ካርታ ያለው ይከተለኝ። ፈረንሳዮቹ ወደ 35,000 ገደማ ናቸው፤ ሱቮሮቭ የሩሲያና የኦስትሪያን ጦር ይዞ ከ50,000 አያንስም። የፈረንሳይ ጦር ከኖቪ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ተሰልፏል። ቦታው ለመከላከል ያማረ ነው፤ ከጀርባው ግን ገደልና ሸለቆ አለ፣ ማፈግፈጊያውም በፓስቱራና በኩል የምታልፍ ጠባብ መንገድ ናት። ዡቤር የጠላትን ብዛት ሲያይ ተጠራጥሮ ነበር። ሌሊቱን ልመለስ አልመለስ ሲል አደረ፤ ሲነጋ ኦስትሪያውያኑ ግራ ክንፉን መቱት፤ እሱም ወታደሩን ሊያበረታታ ወደ ፊተኛው መስመር ወጣ። ጥይቱ ያገኘው እዚያ ነው። ሞሮ ተክቶት ቀኑን ሙሉ ቢከላከልም ማምሻውን ማፈግፈጉ ፓስቱራና ላይ ወደ መጨራረስ ተቀየረ፤ ጄኔራል ፔሪኞንና ግሩሺ ቆስለው ተማረኩ።

በዚህ መሬት ላይ ፈረሰኛ ምን ያደርጋል? ኮረብታው የወይን ማሳና የድንጋይ ካብ ነው፤ ዱማ ሺህ ፈረሰኛ ቢኖረው እንኳን ለማስጋለቢያ ቦታ የለውም። ፓስቱራና ላይ ግን ይለያል። ጠባብ መንገድ፣ የሚሸሽ ጦር፣ ከኋላ የሚያሳድድ ጠላት። ክላውዘን ላይ ያደረገውን የሚደግምበት ቦታ ይህ ነው። ስለዚህ ዱማ ኖቪን አያሸንፍም፤ የተማረኩትን ጥቂት ሺህ ሰዎችና መድፎች ሊያድን ይችላል።

ዡቤርን ስለማዳን ግን ልጆች አትሞኙ። ዡቤርን የገደለው የራሱ ልማድ ነው፤ ከፊት መሰለፍ። ዱማም ያው ልማድ ነበረው። በ1794 ሞን-ስኒ ላይ የበረዶውን ምሽግ መውጣት ያቃታቸውን ወታደሮች በአንገትና በሱሪያቸው ይዞ አጥሩን አሻግሮ ይወረውራቸው ነበር ይባላል። ከኋላ ሆኖ ዋና አዛዡን «ጌታዬ፣ ይመለሱ» የሚል ሰው አይደለም። ጎን ለጎን ቢሆኑ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ጥይቱ ከሁለቱ አንዱን ያገኛል።

ጥርጣሬ

ሻምበል ለአንድ ጊዜ ከእኔ ጋር ሆኑ። ይመዝገብልኝ።

አዲስ ገቢ

ጤና ይስጥልኝ። ለመድረኩ አዲስ ነኝ። አንድ ጥያቄ፦ የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባልም ጄኔራል ነበር፣ እሱም የተማረው ፈረንሳይ ነው። ለምን የእኛን ሰው ትተን ስለ ሃይቲው እናወራለን?

ብራና

እንኳን ደህና መጣህ። ጋኒባል በእውነት ፈረንሳይ ላ ፌር ላይ የመድፍና የምህንድስና ትምህርት ተምሯል፣ በሩሲያም ከፍተኛ ጄኔራል ሆኗል። ነገር ግን ዱማ ሲወለድ እሱ ሽማግሌ ነው፤ የፈረንሳይን አብዮትም አላየም። የእኛ ነው ወይስ የሎጎን (ዛሬ ካሜሩን ውስጥ ያለች) ሰው የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ክር አለው፤ እዚያ ሦስት መቶ መልስ ተጽፎበት አላበቃም። ግባበት፤ ግን ውኃ ይዘህ ግባ።

ወለላ

ወንዶቹ ጦርነቱን ጨርሳችሁ ከሆነ ወደ ደሴቶቹ እንሂድ። በዚህ ሁሉ ውይይት ማንም ያላነሣው ነገር አለ። ዱማ የተሸጠበት አገር በዚያ ጊዜ ምን ላይ ነበር?

ፈረንሳይ ባርነትን ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1794 በሕግ ሰርዛለች። ይሁን እንጂ የካሪቢያን ደሴቷን ማርቲኒክን በዚያው ዓመት እንግሊዝ ስለያዘቻት ሕጉ እዚያ አልደረሰም። ሴን-ዶሚንግ ውስጥ ከ1799 ጀምሮ ቱሴን ሉቨርቱርና አንድሬ ሪጎ ተዋጉ። አንዱ ከባርነት የወጡትን ጥቁሮች፣ ሌላው በደቡቡ ያሉትን ነጻ ክልሶች ይመራል፤ ጄረሚም በዚያው በደቡብ በኩል ናት። ቱሴን አሸነፈ፣ ሪጎ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። በ1802 ከእንግሊዝ ጋር ሰላም ሲወርድ ማርቲኒክ ተመለሰች፤ ሜይ 20 የወጣው ሕግ በተመለሱት ቅኝ ግዛቶች ባርነት እንዲቀጥል አጸና። በዚያው ወር ከሥራ የተሰናበቱ ጥቁርና ክልስ ወታደሮች ፓሪስና አካባቢዋ እንዳይኖሩ ተከለከሉ። ጁላይ 2 ደግሞ ጥቁርና ክልስ ሰው ፈረንሳይ እንዳይገባ ታገደ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ናፖሊዮንን ብታስወግዱትና ዡቤር የመንግሥት መሪ፣ ቆንስል ቢሆን ይህ ሁሉ ይቀራል? እኔ አልልም። የስኳሩ ነጋዴዎች በናንትና በቦርዶ አሉ፤ የባሕር ሚኒስቴሩ በቀድሞ ባለ እርሻዎች ተከቧል፤ ሲዬስ ለማንም ጥቁር እንቅልፍ ያጣ ሰው አይደለም። የሰላሙ ውል ማርቲኒክን ሲመልስ ያው ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል። ልዩነቱ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ዱማ መኖሩ ነው። የክፍለ ጦር ጄኔራል፣ የቆንስሉ ወዳጅ፣ በወጣትነቱ የተሸጠ። ይህ ሰው በ1802 ሕጉ ሲነበብ እዚያ ቢቀመጥ ኖሮ አንድ ሰው ፊቱን አይቶ ማንበብ ነበረበት።

ብራና

ወለላ፣ ከሁላችንም አንቺ ደረስሽበት። እኔም የምገምተው ቱሴንን «ለማስታገስ» በእውነተኛው ታሪክ የተላከውን ጄኔራል ሌክለርን ሳይሆን ዱማን ይልካሉ ብዬ ነው። ሌክለር የናፖሊዮን እህት ባል ነው፤ ናፖሊዮን ከሌለ ሌክለር የለም። ከአገሬው የተወለደ፣ ስሙ የገነነ ጄኔራል ከመላክ የተሻለ ምን ዘዴ አለ? የቱሴን ልጆች ኢሳክና ፕላሲድ ፓሪስ ሲማሩ ቆይተው ከዘመቻው ጋር ተልከዋል፤ ፈረንሳይ ሰው በሰው መያዝን ታውቅበታለች።

ወለላ

ቱሴን ግን እንዴት ያየዋል? እስቲ ቱሴንን ሁኑ። ከሪጎ ጋር ደም ተቃብታችኋል። ከባሕር ማዶ አንድ ክልስ ጄኔራል መጣላችሁ፤ አባቱ ማርኪ፣ ከደቡቡ ከጄረሚ የተወለደ፣ አሥራ አራት ዓመት ከሞላው ወዲህ ደሴቷን ያላየ። ናፖሊዮን በእውነተኛው ታሪክ ሪጎንና ሌሎቹን ክልስ መኮንኖች ፔቲዮንንና ቦዬን በሌክለር መርከቦች ላይ አሳፍሮ ልኳል፤ ቱሴን ይህን ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ዱማ ለቱሴን አራተኛው ሪጎ ነው። እናቱ በባርነት መኖሯን ሊነግረው ይችላል፤ ቱሴን «የእኔም» ብሎ በሩን ይዘጋበታል።

ቢጫ ወባውም አለ። ሌክለር በኖቬምበር 1802 በእሱ ሞተ። ዱማ ደሴቷን ከለቀቀ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ጥርጣሬ

ይህን ሁሉ ስትገነቡ አንድ ሰው እንደገደላችሁ ልንገራችሁ። ልብ ወለድ ጸሐፊው ልጁ የተወለደው ጁላይ 24 ቀን 1802 ነው፤ ማለትም አባቱ ከእስር ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ የተጸነሰ። መርከቧ ቱሎን ብትደርስ ያ ልጅ አይኖርም፤ ሌላ ልጅ ይወለድ ይሆናል። ባዮን ላይ የተዘጋውን መስኮት፣ የማገዶውን ጊዮቲን፣ ሞን-ስኒ ላይ በሱሪ የተወረወሩትን ወታደሮች የምናውቀው ግን በዋናነት በዚያ ልጅ ብዕር ነው። እናንተ በመርከቧ ጀግናውን አድናችሁ የሚተርክለትን አጠፋችሁት። በዚያ ዓለም ዱማን የሚያስታውሰው አርክ ደ ትሪዮምፍ ላይ የተቀረጸው ስም ብቻ ይሆናል፤ ናፖሊዮን ካልነገሠ ደግሞ ያ በር ራሱ አይሠራም።

የሊዮኑ

በዚህኛውም ዓለም የተደረገለት ብዙ አይደለም። ፓሪስ ውስጥ ሐውልት ቆሞለት ነበር፤ በጀርመን ወረራ ጊዜ ፈረሰ። በ2009 በዚያው አደባባይ የተተከለው መታሰቢያ የተሰበረ የእግር ብረት ነው። እዚያ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ግዙፍ ነው፣ ልጆች ሰንሰለቱ ላይ ይወጣሉ። ጄኔራሉ ግን የለም፤ ፈረስም፣ ሰይፍም የለም። ስለ እሱ የማያውቅ መንገደኛ ስለ ባርነት ብቻ የቆመ ይመስለዋል። ይህ ያናድደኛል፤ ጦር ያዘዘን ሰው ስትዘክር የምታሳየው በልጅነቱ የታሰረበትን ብረት ብቻ ነው?

አወያይ

ሐውልቱ ለብቻው ክር ይገባዋል፤ ከፈለጋችሁ ክፈቱት። እዚህ ወደ 1802 ተመለሱ።

ወለላ

እመለሳለሁ፤ ሴን-ዶሚንግን ግን ልተወውና ሌላዋን የፈረንሳይ ደሴት፣ ጓዴሉፕን ላምጣ። ለዱማ የሚገባው ፈተና እዚያ ነው ባይ ነኝ። በሜይ 1802 ጄኔራል ሪሽፓንስ የፈረንሳይን ጦር ይዞ ደረሰ። በደሴቷ ላይ ሁለት ክልስ መኮንኖች ነበሩ፤ ሁለቱም ለሪፐብሊኩ እንግሊዝን የተዋጉ። ማግሎዋር ፔላዥ ለፈረንሳይ መታዘዝን መርጦ ከሪሽፓንስ ጋር ወገነ፤ ውለታው ታስሮ ወደ ፈረንሳይ መላክ ሆነ። ሉዊ ደልግሬ «ለዓለም ሁሉ» ብሎ አዋጅ አውጥቶ ተዋጋ፤ ሜይ 28 ማቱባ ላይ ሲከበብ ባሩዱን አቀጣጥሎ ከተከታዮቹ ጋር ራሱን አፈነዳ። በጁላይ ባርነት በጓዴሉፕ ተመለሰ። ሪሽፓንስም ብዙ አልቆየም፤ በሴፕቴምበር በቢጫ ወባ ሞተ።

አሁን የሪሽፓንስን ቦታ ለዱማ ስጡት። ወደብ ላይ ሲወርድ ፔላዥ ሰላምታ እየሰጠ ይቀበለዋል፤ ደልግሬ ተራራው ላይ ሆኖ አዋጁን ይልክለታል። ዱማ የትኛውን ይሆናል?

ብራና

ደልግሬን። መኮንንነቱን ያገኘው ከሪፐብሊኩ ነው፤ ሪፐብሊኩ ከተሻረ ማንን ይታዘዛል?

የሊዮኑ

እኔ ደግሞ ገና ቱሎን ላይ መርከብ አልሳፈርም ይላል ባይ ነኝ። ቤርትዬን እንዲያ የሰደበ ሰው፣ ባርነት ለመመለስ እንደሚላክ ካወቀ ትእዛዙን ይጥላል።

ሻምበል በጡረታ

ሁለታችሁም በልባችሁ እየጻፋችሁ ነው። ሰውየው ትእዛዝ ጥሎ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ እንኳን። ከአልፕስ በ1794 የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴው ሲጠራው ጊዮቲን ሊሆን እንደሚችል እያወቀ ፓሪስ ሄደ፤ የተረፈው ሮቤስፔር ቀድሞ ስለወደቀ ነው። ግብፅን እየጠላ ካይሮ ዓመፅ ሲነሣ አል-አዝሀር ድረስ ተዋጋ። ከናፖሊዮን ጋር ሲጣላም አልከዳም፤ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ።

ደግሞ ለትእዛዝ ያደሩትን ሌሎቹን እዩ። ጆሴፍ ዶሚንግ፣ «ኤርኩል» የሚሉት ጥቁር ፈረሰኛ፣ አርኮላ ላይ በጥቂት ፈረሰኞችና በመለከት ጩኸት ኦስትሪያውያኑን ከኋላ ያስበረገገ ነው። በ1803 የተሰጠው ሹመት ማንቱዋ ላይ የጥቁር አፈር ቆፋሪዎች ሻለቃ አዛዥነት ሆነ። ሊሰድብ ይችል ነበር፤ ሄዶ አዘዘ። ዣን-ባቲስት ቤሌ ባርነት በተሰረዘበት ቀን ኮንቬንሲዮኑ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ጥቁር እንደራሴ ነው፤ ከሌክለር ጋር ሄደ፣ ታሰረ፣ ቤል-ኢል ላይ ሞተ።

እንግዲህ ጓዴሉፕን እንደ ቫንዴ አስቡት። ዱማ ይወርዳል። ፔላዥን በወታደር ወግ ይቀበለዋል። በሁለተኛው ሳምንት እስረኞች እንዳይገደሉ ትእዛዝ ያወጣል፤ ዘራፊዎቹን ይቀጣል፤ ከደልግሬ ጋር መልእክተኛ ይላላካል። ምሽጉን አያጠቃም፤ «ዝናቡ አላንቀሳቀሰኝም» ብሎ ያዘገያል። በወሩ ለፓሪስ የጦር ሚኒስትር አሥር ገጽ ሪፖርት ይልካል፤ ገበሬዎቹ ዜጎች እንደሆኑ፣ ዓመፀኞቹ በባዝ-ቴር ያሉት ነጋዴዎች እንደሆኑ፣ የባሕር ሚኒስትሩ አህያ እንደሆነ ይጽፍበታል። መርከቧ ሪፖርቱን ይዛ እስክትደርስ ሁለት ወር፣ የሻሩት ደብዳቤ እስኪመለስ ሁለት ወር። ደልግሬ አራት ወር አገኘ ማለት ነው፤ ያም ቢጫ ወባው የፈረንሳይን ጦር የሚያጋድምበት ወቅት ነው።

ወለላ

ሻምበል፣ በአራት ወር ውስጥ ደልግሬ ምን እንደሚያደርግ እኔ ልጻፍ። ሪፖርቱን ግን እርስዎ ይጻፉት፤ አህያው እንዳይቀር።